ጠላ ያልተጠመቀበት ፋሲካ

ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማ «ጌሾ ልግዛ ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ነው። እማዬ ግን ጌሾ ለመግዛት ማንንም አማክራ አታውቅም። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ለፋሲካ ጠላ ትጠምቃለች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጥንስሱን ጠንስሳ፣ ብቅሉንና አሻሮውን በየተራው ጨምራ ስትጨርስ ግቢው ሁሉ በዓል በዓል ይሸታል። ጎረቤቶቻችን «የእትዬን ጠላ ሳንቀምስማ ፋሲካ አልገባም» ይላሉ። በዚያ ዓመት ግን ወንድሜ ከማገገሚያ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኳት። የምሬን ነው፣ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ትንሽ ዝም ብለን ቆየን፤ ከዚያ እሷ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ያ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ምክንያቱም የጌሾ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው በሱስ ሲያዝ በዓሉ የማን ነው? ለታመመው ብለን እንቀይረው ወይስ እሱ ከእኛ በዓል ጋር መኖርን ይልመድ? ባይድንስ? እኛ የቀረነው የመደሰት መብት አለን?

*

ሱስ ያለበት ቤት የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ሌላው ሰው እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ ብሎ ይቆጥራል። እኛ «መስታወቱ የተሰበረበት እንቁጣጣሽ»፣ «ሳይመጣ ያደረበት ገና»፣ «ከእንግዳ ጋር የተደባደበበት ጥምቀት» እያልን እንቆጥራለን። በዓል ሲቃረብ የሰው ልብ ደስ ይለዋል፤ የእኛ ሆድ ይጨነቃል።

በዕለቱ ሁላችንም ሥራ አለን። እማዬ እጇ ዶሮ ወጡ ላይ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እኔ ጠርሙስ እቆጥራለሁ። ታናሽ እህቴ ሙዚቃውን ከፍ ታደርጋለች፣ ከጓዳ የሚመጣው ድምፅ እንዳይሰማ። እንግዳ መጥቶ «ልጁስ የት ሄደ?» ሲል ሁላችንም በአንድ አፍ «ትንሽ አሞት ተኝቷል» እንላለን። እንግዳው እንደሚያውቅ እናውቃለን። ማወቃችንንም እሱ ያውቃል። «እግዜር ይማረው» ይልና ዳቦው ይቆረሳል።

ይህን ገመና መሸፈን እንለዋለን። ገመና መሸፈን እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰውን ውድቀት አደባባይ አለማውጣት ደግነት ነው፣ አሁንም አምንበታለሁ። ግን አንድ ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። ገመና መሸፈን ከሰው ዓይን መከለል ነው። እኛ ከራሳችንም ዓይን ከልለነው ነበር። እንግዳው ከሄደ በኋላ እንኳን እርስ በርሳችን ስለዚያ ነገር አናወራም ነበር። ዕቃ እናጥባለን፣ እንተኛለን።

ይህ የገባኝ በልጄ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። የገና ዕለት ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት «እማ፣ አጎቴ ዛሬም ይወድቃል?» አለችኝ። «አይ፣ አይወድቅም» አልኳት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወደቀ። እሷ እሱን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ልጄ በዚያ ገና የተማረችው አጎቷ እንደሚጠጣ አይደለም፣ እሱንማ ታውቃለች። እናቷ በበዓል ቀን እንደምትዋሽ ነው የተማረችው።

*

ወንድሜ ድሮ ሁዳዴን ይጾም ነበር። 55 ቀን አንድ ጠብታ አይቀምስም። «ሱሰኛ ብሆን 55 ቀን እችል ነበር?» ሲለን መልስ አጥተን ዝም እንል ነበር። ፋሲካ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ልንፈስክ ስንቀመጥ ግን እሱ ዶሮውን አያይም፤ ብርጭቆውን ነው የሚያየው። ከዚያ እስከ ዳግም ትንሳኤ ድረስ አናገኘውም። ሱስ የሚለካው ማቆም በመቻልና ባለመቻል ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ነው የተረዳነው። አንዱን ብርጭቆ ካነሱ በኋላ የሚሆነውም ይቆጠራል። ለእሱ ፋሲካ የጾሙ መፍቻ ብቻ ሳይሆን የፈቃድ ወረቀትም ነበር። በኋላ በኋላ ጾሙም አልያዘውም።

ሰው የሚጎዳውን ነገር እያወቀ ለምን ያደርገዋል? ጥያቄው የቆየ ነው። ሶቅራጥስ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ክፉ የሚያደርግ ሁሉ ባለማወቅ ነው የሚያደርገው ባይ ነበር። አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሰባተኛ ክፍል ላይ አልተቀበለውም፤ እያወቁ መሸነፍ እንዳለ ማንም ያየዋል አለ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያመሳስለውም ከተኛ፣ ካበደ ወይም ከሰከረ ሰው ጋር ነው። ዕውቀቱ አለው፣ በዚያች ሰዓት ግን አይደርስበትም። ይህን ሳነብ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ከእኛ ሁሉ አብልጦ ስለ መጠጥ ጉዳት መናገር የሚችል እሱ ነው። ጠዋት ሲሆን።

ይህን ስል ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። የእናቴን የአንገት ሐብል የሸጠው እሱ ነው፣ በሽታው ብቻ አይደለም። ይቅርታ መጠየቅም መካስም አለበት። ግን ያ ሂሳብ የሚወራረድበት ቀን በዓል መሆን የለበትም። ብዙ ቤት ውስጥ የዓመቱ ክስ ሁሉ የሚነበበው ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮ ከተበላ በኋላ ነው፤ የእኛም ቤት እንደዚያ ነበር።

እዚህ ላይ የሠራነውን ስህተት ልናገር። አንድ ዓመት አጎታችን «በዓሉን በሰላም እናሳልፍ» ብሎ ክፍሉ እንዲቆለፍበት ሐሳብ አመጣ። ተስማማን። በሁለተኛው ቀን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላብ አሰመጠው፣ የሌለ ሰው ማናገር ጀመረ፣ ከዚያ መላ አካሉን አንዘፈዘፈው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ አስረዳችን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፤ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያስቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ማቆም ያለበት በሕክምና ክትትል ነው። እኛ ሰላም ብለን የቆለፍነው በር ሊገድለው ነበር። እባካችሁ፣ ለበዓል ተብሎ ሰው አይቆለፍም።

*

ወደ ጌሾው ልመለስ። እማዬ እያመነታች መሆኑን አጎቴ ሰምቶ ደወለ። «ለአንድ ሰው ተብሎ የሁሉ ሰው በዓል ይበላሽ? ደግሞስ ከቤት ብታጠፉት መንገዱ ሁሉ ግሮሰሪ አይደል እንዴ?»

ሁለቱም ክርክር የዋዛ አይደለም፤ ተራ በተራ ልያቸው።

መጀመሪያ የፍትሕ ጥያቄው። ስምንት ሰው ለአንድ ሰው ብሎ ደስታውን ይተው? እኔ ግን ጠላ መተው ደስታን መተው ነው የሚለው ራሱ እውነት አልመሰለኝም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለፋሲካ ሲመጡ እማዬ ጠላውን ዞር አድርጋ ዳቦና ለስላሳ ታቀርባለች። አባቴ ስኳር በሽታ ይዞት በነበረ ጊዜ ቡናው ያለ ስኳር ተፈልቶ ሁላችንም ለመድነው። አንድም ቀን «በዓላችን ተበላሸ» ያለ የለም። ኢድ ላይ ደግሞ እኛ ጎረቤት ሄደን ስንበላ፣ ስንስቅ፣ ልጆች ሲጨፍሩ ውለን እንመጣለን፤ አንድ ጠብታ አልኮል የለም፣ የጎደለ ነገርም የለም። በዚህ አገር በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለ መጠጥ ያከብራል። «ያለ መጠጥ በዓል የለም» የሚለው ወግ ሳይሆን ልማድ ነው፣ ያውም የአንዳንዳችን ልማድ። ለአንድ ሰው ብለን ማዕድ ማስተካከልን ስናውቅበት ኖረናል። ለሱሰኛው ሲሆን ብቻ ነው «ይቻለው» የምንለው።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል። ግሮሰሪውማ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ የአልኮል ማስታወቂያንም ገድቧል፤ ግን በዓል ራሱ ማስታወቂያ ነው። በየቤቱ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» የሚል ሰው አለ። እማዬ ጠላ ባለመጥመቋ ወንድሜ አይድንም። እንዲድን ብለን ከሆነ የምንተወው፣ ሲጠጣ «ይህን ሁሉ አድርገንልህ!» ማለታችን አይቀርም። ያኔ ደግሞ የጠላው መቅረት ሌላ ክስ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ይቀራል? እኔ የደረስኩበት መልስ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ እንግዳን ጠርቶ የማይበላውን ማቅረብ ነውር ነው። በቃ። ጠላውን የምንተወው ወንድሜን ለማዳን ሳይሆን ከጠራነው አይቀር በወጉ ለመጥራት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው የራሱ ነው።

*

ይህን ሁሉ አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። አልተደሰትኩም። ተናድጄ ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገንዘቡን በትኖ የተመለሰው ልጅ ድግስ ይደገስለታል። ሲሰበክ ሁልጊዜ የምንሰማው የእሱን ነው። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያሳዝነኝ ታላቁ ነው፤ ከእርሻ ሲመለስ የሙዚቃ ድምፅ ሰምቶ አልገባም ብሎ ውጭ የቀረው። እኔ እሱ ነኝ። የማገገሚያውን የከፈልኩት፣ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት፣ ጠርሙስ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የፋሲካው ጠላ ስለ እሱ ሆነ። ሲጠጣም በዓሉ የእሱ፣ ሲተውም የእሱ!

ከታሪኩ ጋር የማይገጥም ሌላም ነገር አለን። በታሪኩ ልጁ ይመለሳል፣ ከዚያ ይደገሳል። ለእኛ ግን በዓል ቀን ቆጥሮ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ተመለሰ አልተመለሰ አይጠይቅም። ገና ታኅሣሥ ላይ ይመጣል፣ እሱ ግሮሰሪ ውስጥ ሆኖም ቢሆን። እስኪመለስ ድረስ ድግሱን እናቆየው ካልን፣ ልጄ ድግስ ሳታይ ታድጋለች።

ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፋት አንዲት ነገር አለች። አባትየው ከቤት የሚወጣው አንዴ አይደለም። ለታናሹ ሮጦ ይወጣል፤ ከዚያ ድግሱን ትቶ ለታላቁም ይወጣል፣ ይለምነዋል። እኔስ ማን ወጣልኝ እያልኩ ስብሰለሰል፣ እማዬ አንድ ማታ እህል እየለቀመች ቀና ሳትል «አንቺስ? አንቺ በዚህ ፋሲካ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሆኖኛል ይህን ከተጠየቅኩ! አለቀስኩ። ከዚያ «ከሰዓት በኋላ ልጄን ይዤ ጓደኛዬ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ። እሱን ሳልጠብቅ» አልኳት።

«ሂጃ» አለች። «እኔም ከጠዋቱ በኋላ መተኛት ነው የምፈልገው።»

*

የቀረው እሱን መጠየቅ ነበር። አይገርማችሁም? ስለ እሱ ሁለት ሳምንት ስንመካከር አንዳችንም አልጠየቅነውም። አንድ ማታ በር ላይ አገኘሁትና «ፋሲካ ላይ ምን ይከብድሃል?» አልኩት። ጠላው ይለኛል ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ ጠላው አይደለም» አለኝ። «እጄን ነው የምታዩት። ለስላሳ ሳነሳ እንኳን ሁላችሁም እጄን ታያላችሁ። እሱ ነው የሚያስጠጣኝ።» ቀጠለና «ደግሞ መሄድ ስፈልግ የት ነው አትበሉኝ» አለ።

የመጨረሻው ምክንያት እውነት ይሁን ሰበብ አላውቅም። ግን የበዓል ቀን ለተወው ሰው ከሌላው ቀን እንደሚብስ የሚያውቁ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው የተጠቂዎች ኅብረት በብዙ ከተሞች የገናና የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ስብሰባ ይከፍታል። ሰው ከዘመዶቹ ማዕድ ተነስቶ እዚያ ሄዶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ለቤተሰቦቻቸው አል-አኖን የሚባል ሌላ ኅብረት ተቋቋመ። እዚያ ለመጣ እናት ወይም እህት በቅድሚያ የሚነገረው ነገር ሱሱን አንቺ አላመጣሽውም፣ ልትቆጣጠሪው አትችይም፣ ልታድኚውም አትችይም የሚል ነው። ስሰማው መጀመሪያ ተስፋ ማስቆረጥ መሰለኝ። ቆይቶ እረፍት ሆነልኝ።

ስለዚህ ተስማማን። ጠላ አይጠመቅም፤ ያልፈላ ብርዝና ለስላሳ ይኖራል። ለአጎቴ እውነቱ ይነገረዋል፣ ጠርሙስ ይዞ እንዳይመጣ። ወንድሜ መሄድ ከፈለገ ይሄዳል፤ ማገገሚያ ያወቀው አንድ ጓደኛው ስልኩን ክፍት አድርጎ ይውላል። ሰው «የት አለ?» ካለ ከጓደኛው ጋር ነው ይባላል፤ አሞታል የሚባል ነገር የለም። እኔ ከሰዓት የለሁም። እጁን ማንም አያይም።

ፋሲካ ሌሊት ስንፈስክ እማዬ ፈረሰኛውን አወጣችለት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ፈረሰኛ የእሱ ነው፤ ሲጠጣ ግን ቀምሶት አያውቅም። በላው። አጎቴ ጠዋት መጣና ብርዙን ቀምሶ «ማር አብዝታችሁበታል» ብሎ አማረረ፣ ደግሞ አስቀዳ። እጁን ላለማየት ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን ስናይ ልጄ «ምን አለ እዚያ?» አለች፤ ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። አራት ሰዓት ላይ ተነስቶ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። የት አላልነውም። ማታ በጤናው ተመለሰ። እኔ ጓደኛዬ ቤት ሁለት ጊዜ ብቻ ስልኬን አየሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በዳግም ትንሳኤ ሳምንት ጠጣ። በጋው ላይ ተወ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጀመረ። ያኔ አጎቴ «አላልኩም?» አለ። ግን ያ ፋሲካ አልከሰረም። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ማንም አልዋሸም፣ ማንም ጠርሙስ አልቆጠረም፣ እማዬ ከሰዓት በኋላ ተኛች። እኔ የበዓል ትርጉም የምለው ይህንን ነው። እሱ ሲድን ብቻ የሚቆጠር ከሆነ፣ በዓላችንን በማናዝዘው ነገር ላይ አስረነዋል። ቦታውን እንጠብቅለታለን፤ ቀኑን ሙሉ ግን አሳልፈን አንሰጠውም።

ያለፈው ገና ላይ አልመጣም። ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ሰሃን እየደረደረች «አጎቴ የት ነው?» አለችኝ። «መጠጡ ይዞታል፣ ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ የእኔ እንቁላል የትኛው ነው?» አለች። እማዬ ፈረሰኛውን ለብቻ ጨልፋ ከድና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ተቀምጠን በላን።

በአራተኛው ቀን መጣ። እማዬ አሞቀችለት፣ በላው።